ሽንት ሲያቃጥል፦ መጀመሪያ ብልቃጡ፣ ከዚያ ኪኒኑ

ደብረ ብርሃን ላይ ሁሉም ነገር የብርድ ነው። ወገብ ቢያም ብርድ፣ ሽንት ቢያቃጥል ብርድ። ሰውየው ከፋርማሲ አራት ፍሬ ሲፕሮ የሚባል ፀረ ባክቴሪያ ኪኒን ይገዛል። ሁለት ቀን ይውጣል፤ ሲቀለው ይተዋል። በሦስተኛው ሳምንት ማቃጠሉ ይመለሳል። ያኔ እኔ ወደምቀመጥበት መስኮት ይመጣል። የምሠራው ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው። የሚያመጣልኝ ሽንት ደግሞ መድኃኒት የገባበት፣ በሃይላንድ የታጨቀ፣ ሁለት ሰዓት በእግር የተጓዘ ነው። ከዚህ ምን ላንብብለት?

ይህን የጻፍኩት ለዚያ ሰው ነው። ለወንዶች ብቻ ነው፤ ምክንያትም አለኝ። የሴት የሽንት ቱቦ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የወንድ 20 ያህል። ባክቴሪያ ያን ሁሉ መንገድ ወጥቶ ፊኛ ከደረሰ፣ ብዙ ጊዜ መንገድ የከፈተለት ነገር አለ። ፕሮስቴት (ከፊኛ በታች ያለው የወንድ ዕጢ) ሊሆን ይችላል፤ ጠጠር፣ የቱቦ መጥበብ ወይም ስኳርም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የወንድ የሽንት ኢንፌክሽን በአራት ፍሬ ኪኒን የሚሸኝ እንግዳ አይደለም።

መጀመሪያ ይህን አጣራ፦ ቀጠሮ የማይሰጡ ምልክቶች

ከእነዚህ አንዱ ካለብህ ከታች ያሉትን ደረጃዎች ተዋቸው። ዛሬውኑ ሂድ፤ ሌሊትም ቢሆን ሂድ።

- ሽንትህ ጭራሽ እምቢ ብሎ ከእምብርትህ በታች ከተወጠረ። «ውሃ ልጠጣና ይግፋው» አትበል። የተዘጋ ቧንቧ ላይ ውሃ መጨመር ነው።
- ትኩሳት ከማንቀጥቀጥ ጋር ከመጣ፣ ወይም ከጎድንህ ሥር ወደ ጀርባ የሚወጋ ሕመም ካለ። ማስመለስ ከተጨመረበት ይብሳል። ነገሩ ኩላሊት ደርሷል ማለት ሊሆን ይችላል።
- ቆለጥህን በድንገት ከባድ ሕመም ከያዘህ፣ በተለይ ወጣት ከሆንክ። ፍሬው በራሱ ገመድ ላይ ተጠማዝዞ ሊሆን ይችላል። በ6 ሰዓት ውስጥ ካልተፈታ ፍሬው ሊሞት ይችላል። ይህ የጤና ጣቢያ ጉዳይ አይደለም፤ ቀዶ ሕክምና የሚሠራበት ሆስፒታል ያስፈልገዋል።
- ሽንትህ የረጋ ደም ካመጣ።
- ሽማግሌ አባትህ ትኩሳት ይዟቸው መቀባጠር ከጀመሩ ወይም ሰው መለየት ካቃታቸው።

መሐል ሜዳ፣ አጣዬ ወይም ዓለም ከተማ አካባቢ ያለህ ሰው «ደብረ ብርሃን ደርሼ ልታይ» ብለህ ቀን አታቃጥል። እዚያው ያለው ሆስፒታል ይቀበልሃል፤ ካስፈለገ እነሱ ይልኩሃል።

ደረጃ 1፦ የያዘህ ምን እንደሚመስል ለይ

ኢንፌክሽን ሲሆን ሽንት ሲወጣ ያቃጥላል። ቶሎ ቶሎ ያስሮጣል፤ ስትደርስ ግን ጠብታ ነው። ሊደፈርስ ወይም ከወትሮው የተለየ ሽታ ሊያመጣ ይችላል። ከእምብርት በታችም ይከብዳል።

ብርድ ሲሆን ሌላ ነው። ቀዝቃዛ አየር ሽንት ያበዛል፤ ይህ እውነት ነው። ግን ሽንቱ ብዙና ጥርት ያለ ነው፣ አያቃጥልም። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ወጥተህ ጣርማ በርን ስታልፍ ሦስት ጊዜ መኪና ካስቆምክና ካላመመህ፣ ሰላም ነህ።

ሽንቱ ብዙ ሆኖ ጥሙም ከበረታ ስኳርህን ተለካ።

ከብልትህ መግል ወይም ፈሳሽ የሚወጣ ከሆነ የጨብጥ ወይም የክላሚዲያ ነገር ነው ብለህ ጠርጥር። «የሞቀ ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው» የሚለውን ወሬ ተወው። ጨብጥ ብዙውን ጊዜ ከግንኙነት በኋላ ከ2 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይታያል። ክላሚዲያ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ሕክምናው የተለየ ነው፤ የትዳር ጓደኛህም አብራ መታከም አለባት። አለዚያ እየተቀባበላችሁ ትኖራላችሁ።

በብልትህና በፊንጢጣህ መካከል የሚያም፣ ስትቀመጥ የሚቆረቁርህ ከሆነ፣ ዘር ሲወጣም ካመመህ ፕሮስቴት ነው የሚጠረጠረው። ይህን ለሐኪሙ ሳትነግረው እንዳትወጣ። የመድኃኒቱን ዓይነትም የቀኑን ብዛትም ይቀይራል።

ማፈር ያለ ነው። ካርድ ክፍል «ምንህን ነው የሚያምህ?» ስትባል «ሽንት» በል፤ ይበቃል። ዝርዝሩን በር ተዘግቶ ለሐኪሙ ንገረው። እኛ ላብራቶሪ ያለን ሰዎች ደግሞ ከሽንትህ በቀር ስለ አንተ የምናስታውሰው ነገር የለም፤ እመነኝ።

ደረጃ 2፦ ከቤት ከመውጣትህ በፊት

1. ኪኒን አትዋጥ። ጎረቤት የተረፈውን አሞክሳሲሊን ቢሰጥህም አትዋጥ። አንድ ሁለት ፍሬ እንኳ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ላይ ባክቴሪያው እንዳያድግ ሊያደርግ ይችላል። አስቀድመህ ውጠህ ከሆነ ስሙን አስታውስ፣ ባዶውን ማሸጊያ ያዝ፣ ሳትዋሽ ተናገር። ለማቃጠሉ ግን ፓራሲታሞል ትችላለህ።
2. ሽንትህን ያዝ። ከቻልክ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ፊኛህ ውስጥ የቆየ ይሁን። የጠዋቱ የመጀመሪያ ሽንት ከሁሉም ይሻላል። ማቃጠሉ አላስይዝ ካለህ ግን ራስህን አታሠቃይ፤ ያለውን እንቀበላለን።
3. መንገድ ላይ አትሽና። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ እኔ ግን በየቀኑ አየዋለሁ። ሰው ከገጠር ሁለት ሰዓት በእግሩ ይመጣል፣ የጤና ጣቢያው አጥር ሥር ሸንቶ ይገባል፣ ከዚያ ብልቃጥ ስሰጠው «አሁን እኮ ጨረስኩት» ይለኛል።
4. ከቤት ሽንት ይዘህ አትምጣ። ሽንት ውስጥ ያለ ባክቴሪያ በየደቂቃው ይራባል፤ ጤነኛውን ሽንት በሽተኛ ያስመስለዋል። በረኪና የነበረበት ጠርሙስ ደግሞ በተቃራኒው ሁሉንም ገድሎ ያመጣልሃል።
5. የጤና መድን ካርድህን ያዝ። ሆስፒታል የምትሄድ ከሆነ ከጤና ጣቢያህ ሪፈር አጽፍ፤ አለዚያ ከኪስህ ልትከፍል ትችላለህ።
6. የምትወስደውን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ይዘህ ሂድ። በተለይ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የደም ማቅጠኛ። ሰልፋ ወይም ፔኒሲሊን ሰውነትህን አሳክኮት የሚያውቅ ከሆነ እሱንም ተናገር።

ደረጃ 3፦ ሽንቱን ስጥ

ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የሚነግረው ስለሌለ እንጂ ከባድ ሆኖ አይደለም። ብልቃጥ ይሰጠዋል፣ «ሽንት አምጣ» ይባላል፣ አለቀ።

1. ብልቃጡ ላይ ስምህ፣ የአባትህ ስምና የካርድ ቁጥርህ መጻፉን እይ። አንድ ጊዜ አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች ተራ ይዘው ውጤታቸውን አቀያይሬ አውጥቻለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። አንደኛው ሰውዬ «እኔ እኮ ስኳር የለብኝም» ብሎ ባይከራከረኝ ያልፍ ነበር። አንተም ተከራከር።
2. እጅህን በሳሙና ታጠብ።
3. የብልትህን ጫፍ በውሃ እጠብ፤ በንጹሕ ሶፍት አድርቅ። ካልተገረዝክ ሸለፈትህን ወደ ኋላ ሰብስበህ እጠብ፤ እስክትጨርስም አትመልሰው። ሳኒታይዘርና አልኮል አትጠቀም። ያቃጥልሃል፣ ናሙናውንም ያበላሻል።
4. ክዳኑን ክፈት። ውስጡን በጣትህ አትንካ። ክዳኑን መሬት ላይ በአፉ አትድፋው።
5. የመጀመሪያውን ሽንት ወደ መጸዳጃው ልቀቅ። ቱቦውን ያጥባል።
6. ሽንትህን ሳታቋርጥ ብልቃጡን አስገባና መሐሉን ያዝ። እስከ ግማሽ ይበቃል።
7. የቀረውን ወደ መጸዳጃው ጨርስ።
8. ክድነህ ወዲያው አምጣ። «ሻይ ልጠጣና» አትበል። በ1 ሰዓት ውስጥ መታየት አለበት። የደብረ ብርሃን ብርድ ፍሪጅ አይደለም፤ መስኮት ላይ ያስቀመጥከው ሽንት ፀሐይ ያገኘዋል።

*ጥንቃቄ፦* ፈሳሽ የሚወጣህ ከሆነና ለእሱ የሽንት ምርመራ ከታዘዘ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ያኔ የሚፈለገው የመጀመሪያው ሽንት ነው። ሳትታጠብ፣ ቢያንስ 1 ሰዓት ሳትሸና ቆይተህ ስጥ። የትኛውን እንደሚፈልጉ ጠይቅ።

*አልመጣ ካለህ፦* ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣና ግማሽ ሰዓት ተቀመጥ። ሁለት ሊትር አትጠጣ፤ ሽንቱ ቀጥኖ የሚታየውን ነገር ይደብቀዋል። ፊኛህ ተወጥሮ አልወጣ ካለ ግን ናሙናውን ተወውና ወደ ሐኪሙ ተመለስ።

*ከተደፋብህ ወይም መጸዳጃ ውስጥ ከወደቀ፦* ከሥር አንስተህ አታምጣ። ሌላ ብልቃጥ ጠይቅ፤ ማንም አይቆጣህም። ቢቆጣህም ጠይቅ።

ደረጃ 4፦ ወረቀቱን እይ

ሐኪሙ ያነብልሃል። አንተም ብታውቅ አይከፋም።

ፐስ ሴል ማለት የመግል ሴል ነው። በአጉሊ መነጽር አንድ እይታ ውስጥ ከ5 በላይ ከሆነ ቁጣ (ብግነት) አለ ማለት ነው። ናይትራይት ፖዘቲቭ ካለ ባክቴሪያ መኖሩ በጣም ይጠረጠራል። ኔጌቲቭ ከሆነ ግን «የለም» ማለት አይደለም። ይህን ናይትራይት የማይሠሩ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ፊኛ ውስጥ ትንሽ ብቻ የቆየ ሽንትም አያሳየውም።

ኢፒተልያል ሴል ብዙ ከተባለ ናሙናው ከቆዳ ተቀላቅሏል። «ደግሜ ልስጥ?» በል። ግሉኮስ ካለ የደም ስኳር አሠራ። ደም ኖሮ ኢንፌክሽን ከሌለ፣ በተለይ ከ40 ዓመት በላይ ከሆንክ፣ ዝም ብለህ አትሂድ። ጠጠርም፣ ከዚያ የከፋም ሊሆን ይችላል።

ወንድ እንደመሆንህ ካልቸር እንዲሠራልህ ጠይቅ። ባክቴሪያው የትኛው እንደሆነና በየትኛው መድኃኒት እንደሚሞት የሚለይ ምርመራ ነው። ብዙ ጤና ጣቢያ አይሠራውም፤ ሪፈራል ሆስፒታል ወይም ትልልቅ ላብራቶሪ ይሠራል። ውጤቱ ከ1 እስከ 3 ቀን ይወስዳል። እስከዚያ መድኃኒቱን ጀምር። ናሙናው ከተሰጠ በኋላ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሙ ካስፈለገ ይቀይረዋል። ውጤቱን መጥተህ መውሰድ ግን የአንተ ሥራ ነው። መሳቢያዬ ውስጥ ባለቤት ያጣ ወረቀት ሞልቷል።

ደረጃ 5፦ መድኃኒቱን ውሰድ

ስንት ቀን? ትኩሳት ለሌለው ወንድ አብዛኛውን ጊዜ 7 ቀን ነው። ፕሮስቴት ከተነካ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊሄድ ይችላል። ሐኪሙ የጻፈልህን ቁጠር፣ ሙሉውን ግዛ። ገንዘብ ካጠረህ «ግማሹን ስጠኝ» ከማለት ተመልሰህ ሐኪሙ በርካሽ እንዲቀይርልህ ንገረው። አሞክሳሲሊንን በራስህ አትምረጥ። አብዛኛውን የሽንት ኢንፌክሽን የሚያመጣው ኢ ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ሲሆን፣ አሞክሳሲሊንን ከለመደው ቆይቷል።

ሲፕሮ ከታዘዘልህ እነዚህን ያዝ፦

- በ12 ሰዓት ልዩነት ነው። ጠዋት 1 ሰዓትና ማታ 1 ሰዓት ብትለው አትረሳውም።
- በወተት አትዋጥ። «ኪኒን ጨጓራ ይልጣል፣ በወተት ውሰደው» የሚባለው ምክር እዚህ ላይ ጉዳት ነው። ወተት፣ እርጎና አይብ መድኃኒቱን አስረው ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል። በውሃ ዋጥ፤ ወተቱን 2 ሰዓት ቆይተህ ጠጣ። የጨጓራ ማስታገሻና የብረት ኪኒን ከወሰድክ ሲፕሮውን ከእነሱ 2 ሰዓት ቀድመህ ወይም 6 ሰዓት ቆይተህ ዋጥ።
- ከተረከዝህ በላይ ያለው ጅማት ካመመህ አቁምና ተመለስ። በተለይ ከ60 ዓመት በላይ ከሆንክ። «ያረስኩበት ድካም ነው» ብለህ አትለፈው።
- የስኳር ኪኒን የምትወስድ ከሆነ ስኳርህ በድንገት ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና ዓይን መጨለም ከመጣ ጣፋጭ ቅመስ፣ ለሐኪም ንገር።

ኮትሪሞክሳዞል ከሆነ ደግሞ ቆዳህ ላይ ሽፍታ ወይም አፍህ ውስጥ ቁስል ከወጣ ወዲያው አቁም፣ ወዲያው ተመለስ።

*ጾም ከሆነ፦* እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ከሆነ ሁለተኛው ኪኒን ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይውላል። ማን ይነሣል? ደግሞም ውሃ ሳትጠጣ መዋል ለዚህ በሽታ አይሆንም። የንስሐ አባትህን ጠይቅ። እኔ የማውቃቸው አባቶች ለታመመ ሰው «መድኃኒትህን ውሰድ» ነው የሚሉት።

*ከረሳህ፦* ባስታወስክበት ሰዓት ዋጥ። ቀጣዩ ከደረሰ ግን ያለፈውን ተወው፤ ሁለት አትደርብ።

*ካስመለሰህ፦* ከዋጥክ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከወጣ አንድ ጊዜ ድገም። የምትውጠው ሁሉ የሚመለስ ከሆነ መርፌ ያስፈልግሃልና ሂድ።

ውሃ በቀን እስከ 2 ሊትር ጠጣ፤ የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ካለብህ መጠኑን ሐኪምህ ይወስን። ተልባ ከወደድክ ጠጣ፣ ፈሳሽ ነው። መድኃኒት ግን አይደለም። አረቄና ጠላ ይቆዩ። ጫትም ይቆይ፤ ሽንት እንዳይፈስ ያጠብባል።

ደረጃ 6፦ በሦስተኛው ቀን ራስህን ፈትሽ

በሦስተኛው ቀን ማቃጠሉ መቀነስ አለበት። ከቀነሰ ቀጥል። ሰው የሚያቆመው በዚሁ ቀን ነው፤ አንተ አታቁም።

ካልቀነሰ ሌላ ኪኒን ከፋርማሲ አትጨምር። የካልቸር ውጤትህን ይዘህ ተመለስ። ባክቴሪያው መድኃኒቱን ለምዶ ይሆናል፤ ጠጠር ወይም የመግል ቋት ይዞ ይሆናል፤ ወይም ከመጀመሪያውም የአባላዘር በሽታ ነበር። ትኩሳት አዲስ ከመጣ ደግሞ ወደ ላይኛው ዝርዝር ተመለስ።

ደረጃ 7፦ በር የከፈተውን ፈልግ

መድኃኒቱ ሲያልቅ ጉዳዩ አላለቀም። በተለይ ሲደጋገም፣ ትኩሳት ከነበረው፣ ወይም ዕድሜህ ከ50 በላይ ከሆነ።

ራስህን ጠይቅ። ሽንትህ ለመጀመር ይቆያል? ቀጥኖ ይወርዳል? ከጨረስክ በኋላ ሱሪህ ላይ ይንጠባጠባል? ሌሊት ሁለት ሦስቴ ያስነሳሃል? አዎ ካልክ ፕሮስቴትህ አብጦ ሽንት ከኋላ እየቀረ ይሆናል። የቀረ ሽንት ባክቴሪያ ማርቢያ ነው።

አልትራሳውንድ ስትታዘዝ ፊኛህን ሞልተህ ግባ። ከሸናህ በኋላም እንደገና እንዲያዩህ ጠይቅ፤ የቀረው የሚለካው ያኔ ነው። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ታይቶ ይሄዳል።

ፒ ኤስ ኤ የሚባለውን የፕሮስቴት የደም ምርመራ ግን ኢንፌክሽኑ እያለ አትሠራ። ቁጥሩ በቁጣው ብቻ ይወጣል፤ ካንሰር ነው ብለህ እንቅልፍ ታጣለህ። ከዳንክ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ጠብቅ።

ፕሮስቴትህ ማበጡ ከታወቀ የጉንፋን መድኃኒት ስትገዛ ለፋርማሲው ንገር። አንዳንዱ ሽንት ይዘጋል። በብርድ ወራት ጉንፋን ይዟቸው፣ ኪኒን ውጠው፣ ሌሊቱን ሽንት ተዘግቶባቸው የሚመጡ አባቶች አሉ።

አባትህ ካቴተር ካላቸው

ይህ ለአስታማሚው ነው። ካቴተር ሽንት ለማውጣት ፊኛ ውስጥ የሚገባ ቱቦ ነው። ከረጢቱ ሁልጊዜ ከፊኛ በታች ይሁን፤ ግን ወለል አይንካ። ሲቀመጡም ሲተኙም። ቱቦውን ከከረጢቱ አትንቀል። መግቢያውን በየቀኑ በሳሙናና በውሃ እጠብ፤ ከመንካትህ በፊትና በኋላ እጅህን ታጠብ።

ሽንቱ ስለደፈረሰ ብቻ መድኃኒት አትግዛ። ካቴተር የቆየበት ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ አይጠፋም። መድኃኒት የሚያስፈልገው ትኩሳት፣ ማንቀጥቀጥ፣ የሆድ ሕመም ወይም መቀባጠር ሲመጣ ነው። ናሙና ከተጠየቀ ከከረጢቱ ቀድተህ አታምጣ፤ እዚያ የተጠራቀመ ነው። ነርሷ ከቱቦው ትቅዳ፤ ካቴተሩ የቆየ ከሆነ ቀይራ ከአዲሱ ትቅዳ። ከረጢቱ ባዶ ሆኖ አባትህ «ሆዴ ተወጠረ» ካሉ መጀመሪያ ቱቦው መታጠፉን እይ። እግራቸው ሥር ተጣብቆ ታገኘዋለህ። ታጥፎ ካልሆነ ተዘግቷልና ቶሎ ይዘሃቸው ሂድ።